እህቴ የከሳች ዓመት

እህቴ ከአረብ አገር ስትመለስ ልንቀበላት መካነ ሰላም መናኸሪያ የወጣን ሰዎች መጀመሪያ አላወቅናትም። ከሚኒባሱ የወረደችው ትከሻዋ የሰፋ፣ ጉንጯ የሞላ ሴት ናት። የሸኘናት ደግሞ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀጭን ልጅ ነበረች። ቀድማ ያወቀቻት እናታችን ናት። «ማሻአላህ! ማሻአላህ! ሰው መስላ መጣችልኝ!» እያለች ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ክንዷን ሲዳስስ፣ ጉንጯን ሲነካ፣ «አላህ ከዓይን ይጠብቅሽ» ሲላት ሰነበተ።

እኛ ዘንድ የሰው መወፈር የምሥራች ነው። ከአረብ አገር ከስታ የመጣች ልጅ ቤት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚገባው። ወይ ተበድላለች፣ ወይ በሽታ ይዛ መጥታለች ይባላል፤ ከደጅ ሲወጡ ደግሞ ሦስተኛው፣ የማይነገረው ወሬ በጆሮ ይንሾካሾካል። የኛ ልጅ ወፍራ ስለመጣች ቤታችን ተከበረ። እናታችን ገበያ ስትወጣ አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር የምትሄደው።

እህቴ ግን ሰው ስለ ሥጋዋ ባነሳ ቁጥር ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስብ ነበር። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን፣ «ወንድምዓለም፣ ይኼ እኮ ምቾት አይደለም» አለችኝ። «መዘጋት ነው። ዓመታት ሙሉ ከግቢው በር አልወጣሁም። ቆሜ ነው የምበላው፤ ልጆቹ ያስተረፉትን ሩዝ፣ የቀረውን ለስላሳ፣ በሆነ ሰዓት። ሲከፋኝም እበላለሁ። ሰዉ ማሻአላህ ሲለኝ ልጮህ ይቃጣኛል።» ያን ዕለት እኔም አብሬ ማሻአላህ ያልኩበትን አፌን ጠላሁት።

እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። በከተማችን ይኼ ሥራ ከሥራ አይቆጠርም፤ ፊሽካ ነፍቶ ደሞዝ የሚበላ ነው የሚሉኝ። ቦርጭ ማውጣት ስጀምር ደግሞ ጨዋታው ባሰ። እናም እህቴ አንድ ጠዋት መጥታ «ስፖርት አሠራኝ» ስትለኝ፣ «በዕድሜዬ ወዶና ፈቅዶ ይኼን የለመነኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም።

ነገሩ የትዳር ነበር። ልጁ የለጋምቦ ሰው ነው። እሱም እዚያው አረብ አገር ሹፌር ሆኖ ሲሠራ በስልክ ተዋወቁ፤ ቀድሟት ተመልሶ አዲስ አበባ ሱቅ ከፈተ። ሽማግሌ ልኮ እናታችን እሺ ብላለች። የቀረው እናቱ ከዚያው ለጋምቦ፣ ከአቀስታ መጥተው ልጅቱን ማየትና ኒካሁ የሚታሰርበትን ቀን መቁረጥ ነበር። የወንዱ እናት ሳያዩ ቀን አይቆረጥም። ልጁ ግን እህቴ ከተመለሰች በኋላ በስልክ ምስሏን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ቀነስ በይ እንጂ። መጀመሪያ የላክሽልኝን ፎቶ ሁኚልኝ» አላት። ያ ፎቶ አረብ አገር የገባች ሰሞን የተነሳችው ነው።

«ይኼ ካልሆነ ተመልሼ መሄዴ ነው» አለችኝ። «እዚህ ምን ይዤ እቀመጣለሁ? መሄድ ደግሞ አልፈልግም፣ ወንድምዓለም። የዚያን ቤት በር ሁለተኛ ከውስጥ ሆኜ ማየት አልፈልግም።» ይህን ስትለኝ ድምፅዋ እንደ ልጅነቷ ቀጥኖ ነበር። እንዳስቀራት የለመነችኝ መሰለኝ፤ እኔም እንደማስቀራት ሆኜ ጫማዬን አሠርኩ።

ለካ ሌላ ረዳት ይዛ መጥታለች። ከሻንጣዋ ሥር አንድ ጥቁር ብልቃጥ አውጥታ አሳየችኝ፤ ላዩ ላይ የእሳት ነበልባል ተስሎበታል። የስብ ማቃጠያ ነው አለችኝ። አብራት የነበረች ልጅ ናት የነገረቻት፤ በስልክ ቪዲዮም አይታዋለች። ወገቧ የቀጠነ ሴት ብልቃጡን ይዛ «ተኝተሽም ይቃጠላል፣ ስትንቀሳቀሺ ደግሞ እጥፍ ይቃጠላል» ትላለች። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ። ጽሑፉን አገላብጬ ያገኘሁት አብዛኛው ካፌይን ነው፤ ያው ቡና ውስጥ ያለው የሚያነቃው ነገር፣ መጠኑ ግን የበዛ። ከሱ በተረፈ የሻይ ቅጠል፣ የሚጥሚጣ ዱቄት፣ ሌላ ስሙን የማላውቀው ነገር።

«እታለም፣ ይኼ ልብሽን ያስሮጣል እንጂ እግርሽን አያስሮጥም» አልኳት።

«ልቤ ከሮጠ ካሎሪው ይቃጠል የለ?»

«እንዲያ ቢሆን ፈሪ ሁሉ ከስቶ ባለቀ ነበር።»

በዚህስ ሳቀች። ብልቃጡን ግን መልሳ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው።

እናታችንም ብልቃጡን አየችው፤ የተረዳችው ግን በራሷ መንገድ ነው። ልጇ ወፍራ መጣች፣ ሻንጣዋ ውስጥ ብልቃጥ አለ፣ በየጠዋቱ ከሱ አንድ እንክብል ትውጣለች፤ እንግዲያ ያወፈራት እሱ ነው ብላ ደመደመች። እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ቀጭን ናት፤ ትንሽ ሥጋ ብታገኝ አትጠላም። አንድ ማታ ሰርቃ ሁለት ዋጠች። በማግሥቱ ጠዋት ዓይኗ ፈጦ፣ ሙስበሃዋን እየቆጠረች መደቡ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «ልጄ፣ የአረብ አገር ቪታሚን በረካ አለው» አለችኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ዱአ ሳደርግ አደርኩ፤ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረ። ልቤ ግን ሊወጣ ደረሰ።» ሥጋ የሚጨምር ሳይሆን የሚቀንስ መሆኑን ስንነግራት አላመነችንም። ሰው ሥጋውን ለመቀነስ መድኃኒት ይገዛል ብሎ የሚያምን ሰው በሷ ዕድሜ አላገኘሁም።

መጀመሪያ ሩጫ ነው ያሰብኩት። ጎህ ሲቀድ ወጣን። እሷ ረዥም ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ በዋናው መንገድ ቀስ ብለን መሮጥ ጀመርን። ጥቂት እንደሄድን ከአንድ ደጅ ሴትዮ ወጡ፤ ከሌላው ሁለት ወንዶች። ከኋላችን «ኧረ ምንድን ነው? ማን ነው?» ይላሉ። ዞር ስል ሰባት ስምንት ሰው እየተከተለን ነው። አንዷ እጇን ራሷ ላይ አድርጋለች። በኛ አገር የደረሰች ሴት በማለዳ ነጠላዋን አስራ መንገድ ላይ ስትሮጥ ከታየች ሰው ሞቷል ማለት ነው። መርዶ ነው። ቆመን ማንም እንዳልሞተ ስናስረዳ ረፈደ። አንድ ሽማግሌ ተቆጡ፣ «ማንም ካልሞተ ለምን ትሮጣለች?» አሉ። ስፖርት ነው ብላቸው ቦርጬን አዩት።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ አበጀን። ከከተማው በታች፣ ቁልቁለቱን ወርደው የሚያገኙት ምንጭ አለ። እህቴ ጀሪካን አዘለች። ጀሪካን ያዘለችን ሴት ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ባዶውን ይዘን ቁልቁል እንወርዳለን፤ ሞልተን ዳገቱን እንወጣለን። ቧንቧ ደጃችን ላይ እያለ ምን ይሁን ብላችሁ ነው ያሉን ነበሩ፤ ደግነቱ ቧንቧው የሚመጣበት ቀን ስለማይታወቅ ነገሩ ብዙ አልተመረመረም። የመጀመሪያ ቀን ዳገቱ ወገብ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በሳምንቱ ሳትቀመጥ ወጣች። በወሩ ከፊቴ ቀድማ ላይ ሆና «መምህር፣ ፊሽካ ልንፋልህ?» እያለች የምታሾፍብኝ ሆነች። የዚያ ሰሞን ጠዋቶች በዕድሜዬ ካየኋቸው ደጋግ ጊዜያት ናቸው። ዳገቱ ላይ ስለ አረብ አገር ነገረችኝ፣ ስለ ሞተው አባታችን አወራን፣ ስለምትወልዳቸው ልጆች ስም ተከራከርን።

ሰው የሚመዝን ሚዛን ቅርባችን ስላልነበረ የምንመዘነው እህል ነጋዴው ዘንድ ነው። ጤፍና ገብስ በሚመዘንበት ላይ፣ በጆንያዎች መሐል ትቆማለች። ነጋዴው «ስንት ብር ልበላት?» እያለ ይቀልዳል፤ እሷም ለምዳው «ባለቤቷ ተገኝቷል፣ አትሸጥም» ትለዋለች። ሚዛኑ ዝቅ ባለ ቁጥር ዓይኗ ያበራል። እቤት ስንደርስ ግን ብልቃጡን አንስታ ትስመዋለች። ያ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ዳገቱን የወጣችው እግሯ፣ ምስጋናውን የሚወስደው እንክብሉ!

አንድ ቀን እልህ ያዘኝና ተወራረድን። «ለሁለት ሳምንት አትዋጪ። ምግብሽን ብዪ፣ ዳገቱን ውጪ፣ ከዚያ እንመዘን» አልኳት። እያቅማማች እሺ አለች። በነዚያ ቀናት እንቅልፍ ተኛች። ዓይኗ ሥር የነበረው ጥቁረት ለቀቀ። በምግብ ምክንያት ከእናታችን ጋር የነበራት ጭቅጭቅ ቆመ። ሁለቱ ሳምንት ሲያልፍ ሚዛኑ ላይ ቆመች፤ በእንክብሉ ጊዜ እንደወረደው ያህል ወርዷል፤ ያው ነው። ነጋዴው ፊት እንደ ልጅ ዘለልኩ። «አየሽ? አየሽ? ኪኒኑ ምንም አልጨመረልሽም፤ አንቺ ነሽ!» አልኳት። እሷም ቀስ ብላ ሳቀች። ዕለቱን ሁሉ «እኔ ነኝ ማለት ነው?» እያለች ስትጠይቀኝ ዋለች። ያን ቀን ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ማታውን ልጁ ደወለ፤ እናቱ በቅርቡ እንደሚመጡ ሊነግራት። ፎቶ ላኪልኝ አላት። ላከች። መልሱ እስኪመጣ ስልኩን ይዛ ደጃፋችን ላይ ስትንጎራደድ አየኋት። ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ ቆይቶ መልሱ ገባ። ሁለት ቃል ናት፤ «ገና ነሽ»።

ከዚያ በኋላ የኔ ሚዛንም፣ የኔ ውርርድም፣ የኔ ትምህርትም ዋጋ አጣ። ከአንዱ እንክብል ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ስንት እንደደረሰች አላውቅም፤ ደብቃ ነበር የምትውጠው። ምግብ ሲቀርብ በልቻለሁ ትላለች። ስትቀንስ ቀነሰች፤ ያልበላ ሰው ምን ይሆናል! ዳገቱ ላይ ግን ደከመች። ጀሪካኑን ግማሽ ሳትሞላ እየመለሰች መካከል ላይ ደረቷን ይዛ ትቆማለች። አንድ ቀን የእጇን አንጓ ይዤ የደም ሥሯን አዳመጥኩ፤ ገና መንገድ ሳንጀምር የሮጠ ሰው ልብ ነው ያላት። ጤና ጣቢያ እንሂድ አልኳት፤ ከእንግዶቹ በኋላ አለችኝ። እናታችን ከእህቴ ማበጠሪያ ላይ የረገፈውን ፀጉር ሰብስባ ታሳየኛለች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ኧረ ንገራት ልጄ» ትለኛለች። ስነግራት ትቆጣኛለች፤ ተቆጥታ ደግሞ ይቅርታ ትለኛለች። «ትንሽ ቀን ነው የቀረው። ከኒካሁ በኋላ እተወዋለሁ፤ ወላሂ እተወዋለሁ» ትላለች።

የልጁ እናት ከአንዲት እህታቸውና ከአንድ ሽማግሌ ጋር መጡ። የአቀስታን ብርድ የኖሩበት ሴት ናቸው፤ ፊታቸው በነፋስ የጠቆረ፣ እጃቸው የሞላ፣ ንግግራቸው የረጋ። ጭኮ በቅቤ ለውሰው ይዘዋል፤ አንድ አዲስ ባናም አምጥተዋል፤ የአገራቸውን በግ ጠጉር ራሳቸው ፈትለው ያሠሩት፣ ለሙሽራ የሚሰጥ ብርድ ልብስ። ሰላምታው ረዘመ፤ አላህን አመሰገንን፣ ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ ተጠያየቅን። ከዚያ እህቴ ማስታጠቢያውን ይዛ ገባች።

እንግዳ እጅ ማስታጠብ ለልጅቱ ዋናው ሰዓት ነው። አረማመዷ፣ አጎነባበሷ፣ ውሃውን አቀዳዷ ይታያል። ጎንበስ አለችና ማፍሰስ ጀመረች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ ውሃው ጎን ጎኑን ወረደ፣ ቀጥሎ የሴትዮዋ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። «ይቅርታ እናቴ፣ ይቅርታ» ስትል ማስታጠቢያው ራሱ ተንኳኳ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩዋት። የአንገቷን አጥንት አዩ፣ ግንባሯ ላይ ያለውን ላብ አዩ። ሌላው ሁሉ ከብርዱ የተነሣ ጋቢ ደርቦ ነው የተቀመጠው።

«ነይ እስቲ እዚህ ኸጎኔ» አሏት። ተቀመጠች። እጇን ይዘው አልለቀቁትም። «ልጄ፣ እዚያ አገር አሞሽ ነበር?»

«ኧረ እናቴ፣ ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ።»

«በይ እንኪ» ብለው ካመጡት ጭኮ ጠቅልለው አጎረሷት። የአማት ጉርሻ ነው፤ አይመለስም። አፏን ከፍታ ተቀበለች። አላምጣ አላምጣ መዋጥ አቃታት። ለቀናት እህል ያልገባበት ሆድ ያን ሁሉ ቅቤ ከየት ይችላል? አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓዳ ወጣች፤ ቤቱ ትንሽ ነውና ከጓዳ የመጣውን ድምፅ ሁላችንም ሰማነው። እናታችን መሬት መሬት አየች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሴትዮዋ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለኝ። እህቴ ተመልሳ ስትመጣ ተነሡና ያን ባና ዘርግተው ትከሻዋ ላይ ደረቡላት፤ አንገቷ ድረስ ጥቅልል አድርገው። «ይበርድሻል ልጄ። አላህ ያሽርሽ» አሏት። የሙሽራ ስጦታ ሆኖ የመጣው ባና የበሽተኛ ልብስ ሆኖ ቀረ። ስለ ቀን ማንም አላነሣም። ሲወጡ «ኸይር ነው፣ አላህ ያለው ይሆናል» ተባባልን። በኛ አገር እምቢ የሚባለው እንደዚህ ነው።

መልእክቱ ከሳምንት በኋላ በሽማግሌው በኩል መጣ፤ ልጅቱ መጀመሪያ ትታከም የሚል። ከመልእክቱ ፊት ወሬው ደርሶ ነበር። ጉንጯን ሲነኩ የነበሩት ጎረቤቶች አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መግባት ጀመሩ። እህቴ ልጁ ዘንድ ደወለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። «እናቴን አላስቀይምም፤ ምን ላድርግ» አላት። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ጨመረ፣ «ፎቶሽ ግን አሁን ገና አምሮብሻል።» ሰው እንደዚያ ቀን ጠልቼ አላውቅም።

እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም፤ መምህር አይደለሁ፣ የተሳሳተ ነገር ከተብራራ የሚቃና ይመስለኛል። ብልቃጡን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወደ አቀስታ ሄድኩ። መንገዱ ክፉ ነው፣ ጉሙ ከሚኒባሱ መስኮት አልወርድ አለ። ሴትዮዋ ቤታቸው ደጃፍ ገብስ እያሰጡ ነበር። አክብረው አስገቡኝ፣ ምግብ አቀረቡ። ከበላሁ በኋላ ብልቃጡን አውጥቼ ፊታቸው አኖርኩት።

«እናቴ፣ እህቴ አልታመመችም። ያንቀጠቀጣት፣ ያላባት፣ ያስመለሳት ይኼ ነው። ብትተወው በጥቂት ቀን ደህና ትሆናለች።»

አንስተው አገላበጡት። የነበልባሉን ሥዕል በጣታቸው ነኩት። «ይኼ ምን የሚያደርግ ነው?»

«ያከሳል ብለው የሚሸጡት ነው።»

«ሰው ገዝቶ ይከሳል?»

«አሁን እንደዚያ ሆኗል።»

«እኛማ በክፉው ቀን በነጻ ከሳን» አሉ። ቀልድ አልነበረም። ብልቃጡን መልሰው አኖሩና፣ «ምን ብላ ዋጠችው?» አሉኝ።

ይኼን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። መልሱ የሚያድናት መሰለኝ። «ልጅዎ ቀነስ በይ ስላላት ነው» አልኳቸው። «ስለወደደችው ነው።»

«ልጄ ነው እንዲህ በይ ያላት?»

«አዎ፣ እናቴ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ፊታቸውን ወደ ደጁ፣ ወደ ተሰጣው ገብስ አዞሩ። «ከአረብ አገር ስትመለስ ወፍራም ሆና የተነሣችውን ፎቶ እኔም አይቼዋለሁ» አሉ። «ወላሂ፣ ይች ናት የኔ ልጅ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የተነሣሁት። በሽታ ቢሆን ይሻል ነበር፤ በሽታ ዱአም አለው፣ ሐኪምም አለው። ሳያገባት እንዲህ ካደረጋት ኸገባችማ ምን ሊያደርጋት ነው? ሴት ልጅ ብትኖረኝ አልሰጠውም ነበር። የሰው ልጅ አምጥቼ በቤቴ አላስርብም።»

ለመንኳቸው። ልጁ ይመከራል አልኩ፣ እሷ ትወደዋለች አልኩ፣ ካልሆነ ተመልሳ ትሄዳለች አልኩ። እያለቀሱ ሰሙኝ፤ ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም። ደጅ ድረስ ሸኝተውኝ ግንባሬን ሳሙኝ። እውነቱን ተናግሬ የመጨረሻውን በር በገዛ እጄ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩበት፤ ሴትዮዋ ተሳስተዋል ልል ፈልጌ አንድም ቀን አልቻልኩም።

ለእናታችን ሁሉንም ነገርኳት። ለእህቴ ግን አልሆነም ብቻ አልኳት።

«ኪኒኑ መሆኑን ነገርካቸው?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«እናስ?»

«አልሆነም፣ እታለም።»

እንክብሉን ያኔውኑ ተወችው። ማንም ሳይለምናት መብላት ጀመረች፤ መተኛትም። እጇ ረጋ። ልቧ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዳገቱን ግን ተወችው፤ እኔም ኧረ ነይ አላልኳት። ጉንጯ ቀስ በቀስ ሞላ። ጎረቤቶቹም ተመልሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መግባት ጀመሩ፤ «ማሻአላህ፣ ተሻለሽ» ይሏታል። እሷ አሚን ትላለች። በመሐል የጉዞ ጉዳይዋን ትጨርስ ነበር። የሕክምና ምርመራውን አለፈች፤ ጤነኛ ናት፣ ለሥራ ብቁ ናት ተባለች። እናታችን ወረቀቱን ይዛ፣ «ይኼንን ላቀስታ ሰዎች ባሳየሁ» ብላ አለቀሰች።

የሄደችው በበጋ ነው። ወደ ደሴ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ መናኸሪያው አጠገብ ቆመን ነበር። እናታችን ስንቅ ስታስተካክል እህቴ እጄን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ።

«ወንድምዓለም፣ አንተ የተማርከው ነው። እውነቱን ንገረኝ። ያ ኪኒን ምንም አልጠቀመኝም?»

«ምንም። የቀነስሽው በዳገቱ ነው። በእግርሽ።»

«እንዲያው ብታገሥ ኖሮ፣ ያለ እሱ እቀንስ ነበር?»

«ትቀንሺ ነበር።»

«እጄም ሳይንቀጠቀጥ?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁላት። እጇን ከእጄ አውጥታ ዘርግታ አየችው። ጣቶቿ ዝም ብለው ነበር፤ ውሃ ሳያፈስሱ ስንት እንግዳ ማስታጠብ የሚችሉ። ረዳቱ ተሣፋሪ ግቡ ብሎ ጮኸ። እኔ ሳለቅስ እሷ አላለቀሰችም። እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝና፣ «አብሽር» አለችኝ። «አብሽር፣ ወንድምዓለም።» ከዚያ ሻንጣዋን አንስታ ገባች።